ከ715 ሽንፈት በኋላ

የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን በ2022 የውድድር ዘመን 700ኛ ሽንፈቱን ቀመሰ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ፉትቦል ከፍተኛ ምድብ ውስጥ ከሱ ቀድሞ እዚያ ቁጥር ላይ የደረሰ አልነበረም። በ2024 ማብቂያ ቁጥሩ 715 ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ግን የስፖርቱን አዋቂዎች ሁሉ አፍ ያስያዘ ነው። ቡድኑ በ2025 የውድድር ዘመን 16 ጊዜ ተጫውቶ 16ቱንም አሸነፈ። ጃንዋሪ 19 ቀን 2026 ማያሚ አጠገብ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ የማያሚ ዩኒቨርሲቲን 27 ለ21 ረትቶ በታሪኩ የመጀመሪያውን የአገር አቀፍ ዋንጫ ወሰደ። 16 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ዘመኑን የጨረሰ ቡድን ለማግኘት እስከ 1894ቱ የዬል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የውድድር ዘመኑ በኦገስት መጨረሻ ተጀምሮ በቀጣዩ ጃንዋሪ ስለሚያልቅ የሚጠራው በተጀመረበት ዓመት ነው።

ይህን ድል ተአምር ብሎ ማለፍ ለተሸነፉትም ላሸነፉትም ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። ቡድኑ ከ1887 ጀምሮ ሲያከማች የኖረው መዝገብ የሚመረመር ምክንያት አለው፤ የሁለቱ ዓመታት ለውጥም እንዲሁ። የተሰጡትን ምክንያቶች አንድ በአንድ ሳያቸው የደረስኩበት ይህ ነው፦ የኢንዲያና የሽንፈት መዝገብ የተጫዋቾቹን አቅም የመዘገበው በጥቂቱ ነው። በብዛት የመዘገበው አንድ የ17 ዓመት ልጅ የት እንደሚሄድ፣ ከሄደ በኋላም ማን አስሮ እንደሚያስቀረው የሚወስነውን ሥርዓት ነው።

የክብ ኳስ ጨዋታን ለለመደ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ይገባል። የአሜሪካ ፉትቦል በሞላላ ኳስ 11 በ11 ሆነው የሚጫወቱት ነው። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። ኳስ ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ያለፈ 6 ነጥብ ያገኛል፤ ይህ ተችዳውን ይባላል። የጥቃቱ መሪ ኳርተርባክ ነው፤ ኳሱን የሚወረውረው፣ ለሯጩ የሚያቀብለው ወይም ራሱ ይዞ የሚሮጠው እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ በአካባቢ ማኅበራት ተደራጅተው ይወዳደራሉ። ኢንዲያና ያለበት ቢግ ቴን ይባላል፤ ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺጋንና ፔን ስቴት የሚገኙበት ኃያል ማኅበር ነው። እንደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ወደ ታች መውረድ የለም። የሚሸነፍ ቡድን በየዓመቱ ከነዚያው ኃያላን ጋር እየተጋጠመ መሸነፉን ይቀጥላል። 715 ሽንፈት እንዲጠራቀም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ደካማው የሚያገግምበት ዝቅተኛ ሊግ የለውም።

መዝገቡ ግን ወጥ ጨለማ አይደለም። በ1945 በአሰልጣኝ ቦ ማክሚሊን የተመራው ቡድን 9 አሸንፎ፣ በአንዱ ከኖርዝዌስተርን ጋር 7 ለ7 አቻ ወጥቶ የቢግ ቴንን ዋንጫ ብቻውን ወሰደ። (በዚህ ስፖርት አቻ የቀረው በ1996 ነው፤ የድሮ መዝገቦች ላይ ሦስተኛ ቁጥር የሚታየው ለዚህ ነው።) ጦርነቱ ገና ያበቃበት ጊዜ ስለነበር ከሠራዊቱ የተመለሱ ልጆች ቡድኑን ተቀላቅለው ነበር። ከነሱ ጋር ከጌሪ ከተማ የመጣ ጆርጅ ታሊያፌሮ የሚባል ጥቁር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ሯጭ ነው፣ ይወረውራል፣ ይከላከላል።

ስለ ታሊያፌሮ ሳይነገር የኢንዲያና ታሪክ ሊነገር አይገባም ብዬ አምናለሁ። ዋንጫ ያመጣ ልጅ በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መኖሪያ ማደር አይፈቀድለትም ነበር። በከተማው ምግብ ቤቶች መብላትም አይችልም። ከግቢው አጠገብ የነበረው ጌብልስ የሚባል ምግብ ቤት የቡድኑን ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ነበር፤ ታሊያፌሮ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ፎቶው የሚታይበት ቤት ውስጥ እሱ መቀመጥ አይችልም ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ኸርማን ዌልስ በቤቱ ባለቤት ላይ ግፊት አድርገው ያ በር ተከፈተለት። በ1949 የፕሮፌሽናሉ ሊግ ኤንኤፍኤል በዓመታዊ የተጫዋቾች ምርጫው ሲጠራው የመጀመሪያው ጥቁር ተመራጭ ሆነ፤ የመረጠው ቺካጎ ቤርስ ነው።

ከዚያ በኋላ 22 ዓመት ያህል ምንም የለም ማለት ይቻላል። በ1967 የጆን ፖንት ልጆች፣ በኳርተርባኩ ሃሪ ጎንሶ እየተመሩ፣ ጨዋታ በመጨረሻ ደቂቃ እየቀለበሱ የቢግ ቴንን ዋንጫ ተጋሩ። ካሊፎርኒያ ወርደው ሮዝ ቦውል በተባለው የዘመን ማብቂያ ጨዋታ በኦ ጄ ሲምፕሰን ሁለት ተችዳውን በዩኤስሲ 14 ለ3 ተረቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1969፣ ጥቁር ተጫዋቾች በአድልዎ ተማርረው ልምምድ አቆሙ፤ 10ሩ ከቡድኑ ተሰናበቱ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። ስለ ኢንዲያና ውድቀት ሲወራ ይህ ምዕራፍ በአጭሩ ይታለፋል፤ እኔ ግን ከዋናዎቹ ምክንያቶች እቆጥረዋለሁ። እነዚያ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጥቁር ተጫዋቾች የዩኒቨርሲቲ ፉትቦልን መልክ የለወጡባቸው ነበሩ። ሌሎች በራቸውን ሲከፍቱ ኢንዲያና ያሉትን አሰናበተ። የአንድ ተጫዋች ወላጅ ልጁን የት ልላክ ብሎ ሲጠይቅ እንዲህ ያለው ወሬ ቀድሞት ይደርሳል።

አብዛኛው ሰው የሚሰጠው ምክንያት ሌላ ነው፤ ኢንዲያና የቅርጫት ኳስ አገር ናት ይባላል። እውነት አለው። ዩኒቨርሲቲው በቅርጫት ኳስ አምስት አገር አቀፍ ዋንጫ አለው፤ በ1976 በአሰልጣኝ ቦብ ናይት ሥር 32 አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ የጨረሰው ቡድን እስካሁን በወንዶች ያልተሸነፈ የመጨረሻው ሻምፒዮን ነው። ክረምቱን ሙሉ ሰው የሚያስበው ስለዚያ ነው። ነገር ግን ይህ ምክንያት ብቻውን አይቆምም። ሚሺጋንና ኦሃዮ ስቴትም በቅርጫት ኳስ ዋንጫ ያነሱ ናቸው፤ ያ በፉትቦል ከማሸነፍ አላገዳቸውም። የቅርጫት ኳስ ፍቅር የሚያስረዳው የፉትቦል ስታዲየሙ ለምን ባዶ እንደነበር ነው፤ ቡድኑ ለምን እንደሚሸነፍ አያስረዳም። ደግሞም ባዶ የነበረው ስለሚሸነፍ ይመስለኛል። 50,000 ያህል ሰው የሚይዘው መሞሪያል ስታዲየም ኦሃዮ ስቴት ሲመጣ ቀይ ለብሶ ይሞላ ነበር፤ ያ ቀይ ግን በብዛት የእንግዶቹ ነበር።

አሰልጣኞቹስ? ሊ ኮርሶ ከ1973 እስከ 1982 ቡድኑን መራ፤ 41 አሸንፎ 68 ተሸነፈ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው። በ1976 ኦሃዮ ስቴትን 7 ለ6 መምራት ሲጀምሩ ጨዋታውን አስቁሞ ተጫዋቾቹን የውጤት ሰሌዳው ፊት አሰልፎ ፎቶ አስነሳቸው፤ ጨዋታው 47 ለ7 በሽንፈት አለቀ። ሰው ይህን ሲተርክ ይስቃል። እኔ የሚታየኝ ልጆቹ በአንድ ሩብ ሰዓት እንኳ መምራታቸው እንዳይረሳ የፈለገ አሰልጣኝ ነው። በ1979 በሆሊዴይ ቦውል ያልተሸነፈውን ብሪገም ያንግን 38 ለ37 ያሸነፈውም ይኸው ሰው ነው።

ቢል ማሎሪ ግን ከሁሉም ይለያል፤ ስለሱ ስጽፍ ብዕሬ ቶሎ አያልፍም። በ1984 ሲጀምር 11 ተጫውቶ 11ዱንም ተሸነፈ። በሦስተኛ ዓመቱ ቡድኑን ወደ ቦውል፣ ማለትም ጥሩ ዘመን ላሳለፉ ብቻ ወደሚዘጋጀው የማብቂያ ጨዋታ፣ አደረሰ። በ1987 ሚሺጋንንም ኦሃዮ ስቴትንም በአንድ ዘመን አሸነፈ። ኦሃዮ ስቴትን የረታው በኦሃዮዎቹ ሜዳ 31 ለ10 ነው፤ ኢንዲያና ከ1951 ወዲህ አድርጎት የማያውቀው ነገር ነበር፤ የኦሃዮው አሰልጣኝ ኧርል ብሩስ በቡድኑ ታሪክ ከሁሉ የጨለመ ቀን ብሎ ጠራው። በሚቀጥለው ዓመት ማሎሪ 41 ለ7 ደገመው። የሱ ሯጭ አንቶኒ ቶምፕሰን በ1989 በዊስኮንሲን ላይ በአንድ ጨዋታ 377 ያርድ ሮጠ፤ ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች በሚሰጠው የሄይስማን ሽልማትም ሁለተኛ ወጣ። ማሎሪ በ13 ዓመት ስድስት ቦውል ደርሶ 69 ድል አስመዝግቦ በ1996 ተሰናበተ። ከሱ በኋላ ቡድኑ ሌላ ቦውል ያየው በ2007 ነው።

በ2005 የመጣው ቴሪ ሄፕነር ከአካባቢው የኖራ ድንጋይ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ወደ ስታዲየሙ አስመጣ፤ ተጫዋቾች ወደ ሜዳ ሲገቡ እየነኩት ያልፋሉ። ልጆቹን 13ኛውን ጨዋታ፣ ማለትም ቦውሉን፣ እንጫወታለን እያለ ያነሣሣቸው ነበር። በጁን 2007 በአንጎል ካንሰር ሞተ። ልጆቹ በዚያው ዓመት ፐርዱን በመጨረሻ 27 ለ24 አሸንፈው 13ኛውን ጨዋታ ተጫወቱለት።

እንግዲህ ጥሩ አሰልጣኝ አልጠፋም። ገንዘብም ቢሆን እንደሚባለው አይደለም። ቢግ ቴን የቴሌቪዥን ገቢውን ለነባር አባላቱ እኩል ያካፍላል፤ ኢንዲያና ሲሸነፍም ኦሃዮ ስቴት ያገኘውን ያህል ያገኝ ነበር። የጠፋው ተጫዋች ነው። ለምን ጠፋ የሚለው ደግሞ የምርጫው አሠራር ላይ ያደርሰናል።

ቀድሞ ተጫዋች የሚመለመለው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ። ልጁ 17 ወይም 18 ዓመቱ ነው፤ ሰውነቱ አላለቀም፤ የሚመርጠው በስም ነው። ስም ያለው ቡድን ጥሩውን ልጅ ያገኛል፤ ጥሩ ልጅ ስለሚያገኝ ያሸንፋል፤ ስለሚያሸንፍ ስሙ ይገናል። ድሮ ኃያላኑ የፈለጉትን ያህል ልጅ ነፃ የትምህርት ዕድል እየሰጡ ያከማቹ ነበር። በ1973 ቁጥሩ 105 ላይ ተገደበ፣ በኋላ 95 ሆነ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ወደ 85 ወረደ። ይህ ጥቂት ረድቷል። ሆኖም አንድ ልጅ ተጠባባቂ ሆኖ ቢሰለች ወደ ሌላ ቡድን ሲዛወር አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት። ስለዚህ ኃያሉ ቤት ተጠባባቂ ሆኖ ይቀራል፤ ኢንዲያናም የሚያሰልፈው ያጣል። አሰልጣኙ ግን በማናቸውም ጊዜ በሚሊዮን ዶላር ውል ወደፈለገበት ይሄድ ነበር። ይህን አድልዎ ያለ ቁጣ ማንሳት ይከብደኛል።

ከ2014 እስከ 2023 ደግሞ ቢግ ቴን በምሥራቅና በምዕራብ ተከፈለ፤ ኢንዲያና ምሥራቅ ላይ ከኦሃዮ ስቴት፣ ከሚሺጋን፣ ከፔን ስቴትና ከሚሺጋን ስቴት ጋር ተመደበ። በእነዚያ አሥር ዓመታት የማኅበሩን ዋንጫ በሙሉ የወሰዱት የምሥራቅ ቡድኖች ናቸው። ኢንዲያና በየዓመቱ አራቱን ይጋፈጥ ነበር ማለት ነው።

የ2020 ዘመን ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ያሳያል። በኮሮና ምክንያት ባጠረው ዘመን የቶም አለን ቡድን ፔን ስቴትን በጭማሪ ሰዓት 36 ለ35 አሸነፈ፤ ኳርተርባኩ ማይክል ፔኒክስ ተወርውሮ ኳሱን ወደ ማዕዘኑ ምልክት የዘረጋባት ቅጽበት እስካሁን ያከራክራል። ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚሺጋንን ረታ። ከኦሃዮ ስቴት ጋር በ42 ለ35 ብቻ ተሸነፈ፤ ፔኒክስ በዚያ ቀን 491 ያርድ ወረወረ። የማኅበሩ ደንብ ለፍጻሜ ለመብቃት ቢያንስ ስድስት ጨዋታ ያስፈልጋል ይል ነበር፤ ኦሃዮ ስቴት አምስት ብቻ ተጫውቶ ነበር። ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ማኅበሩ ደንቡን አነሣና ኦሃዮ ስቴት ወደ ፍጻሜው ገባ፤ ኢንዲያና ቀረ። ሜዳ ላይ ስላሸነፈው ኦሃዮ ስቴት ይገባው ነበር የሚል ክርክር አለ፤ አልንቀውም። ግን ሁኔታው ተገልብጦ ቢሆን ለኢንዲያና ሲባል ደንብ ይለወጥ ነበር ብሎ የሚያምን ሰው አላገኘሁም።

ከዚያ ቤቱ ፈረሰ። በ2021 ሁለት ብቻ አሸንፎ 10 ተሸነፈ፤ በ2022 አራት፣ በ2023 ሦስት አሸነፈ። በሦስት ዓመት 9 ድል፣ 27 ሽንፈት። ፔኒክስ ወደ ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ በጃንዋሪ 2024 ቡድኑን ለአገር አቀፍ ፍጻሜ አበቃ፤ አሰልጣኙ በ2019 የኢንዲያናን ጥቃት ያስተባብር የነበረው ኬለን ዲቦር ነበር። ቶም አለን ሲሰናበት ዩኒቨርሲቲው ለውል ማፍረሻ 15.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።

ፔኒክስ የወጣበት በር አዲስ ነበር። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋች ሳይቀመጥ አንድ ጊዜ መዛወር ተፈቀደለት፤ በ2024 ገደቡ ጨርሶ ተነሣ። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ቻሉ። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቀደ። ብዙ ሰው ይህ በር ለሀብታሞች ብቻ ይጠቅማል፣ ትንንሾቹ ይራቆታሉ ብሎ ሠግቶ ነበር። ለጥቂት ዓመት ፔኒክስ የሥጋቱ ማስረጃ ሆነ። ከርት ሲግኔቲ ግን በሩ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚከፈት አየ።

ሲግኔቲ ኖቬምበር 30 ቀን 2023 ሲቀጠር 62 ዓመቱ ነበር። በአላባማ በኒክ ሴበን ሥር ከ2007 እስከ 2010 የተጫዋች ምልመላ አስተባብሯል፤ ከዚያ ትልቁን ቤት ትቶ አባቱ ፍራንክ ሲግኔቲ ባሰለጠኑበት በፔንሲልቬንያ በሚገኝ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ከዚያ ኢሎን፣ ከዚያ ጄምስ ማዲሰን። ዋና አሰልጣኝ ከሆነ ወዲህ ከድሉ ሽንፈቱ የበዛበት አንድም ዘመን የለም። ኢንዲያና ሲደርስ ስለ አሠራሩ ተጠይቆ፣ እኔ አሸንፋለሁ፣ ጉግል አድርጉኝ ብሎ መለሰ። ያን ጊዜ ጉራ መሰለ።

ይዞ የመጣው ግን ከጉራ የበለጠ ነው። ምክትሎቹን ብራያንት ሄንስንና ማይክ ሻናሃንን፣ ከነሱም ጋር 13 የጄምስ ማዲሰን ተጫዋቾችን ይዞ መጣ። ለምልመላ የሚጠቀምበት መመዘኛ ልጁ ወደፊት ምን ሊሆን ይችላል የሚለው አይደለም፤ እስካሁን ሜዳ ላይ ምን ሠራ የሚለው ነው። የ17 ዓመት ልጅን አይቶ መተንበይ ኃያላኑ የሚበልጡበት ገበያ ነው። የ21 ዓመት ሰው ሁለት ዓመት የተጫወተውን ፊልም አይቶ መመዘን ግን ዓይን ላለው ሁሉ ክፍት ነው። ተቀባዩ ኢላይጃ ሳራት ጉዞውን የጀመረው በፔንሲልቬንያው ሴንት ፍራንሲስ ነው። ተከላካዩ ዲአንጀሎ ፖንድስ አጭር ስለሆነ ትልልቆቹ አልፈለጉትም። ኳርተርባኩ ፈርናንዶ ሜንዶዛ የኩባውያን የልጅ ልጅ፣ የማያሚ ልጅ ነው፤ ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ መጀመሪያ ለዬል ቃል የገባ፣ በኋላ ካሊፎርኒያ በርክሊ የገባ ተጫዋች ነበር። ከቀድሞው ቡድን የቀሩም ነበሩ፤ ከነሱ አንዱ ኦማር ኩፐር ነው። የመጀመሪያው ምርጫ የተዋቸው ልጆች ሁለተኛው ምርጫ ላይ ሻምፒዮን ሆኑ።

በ2024 ቡድኑ 11 አሸንፎ 2 ተሸነፈ። ከዚያ በፊት በታሪኩ በአንድ ዘመን ከ9 በላይ አሸንፎ አያውቅም። ኔብራስካን 56 ለ7፣ ፐርዱን 66 ለ0 ረታ፤ ስታዲየሙም በራሱ ሰው ሞላ። በኦሃዮ ስቴት 38 ለ15፣ በዚያ ዓመት ወደ 12 ቡድን በሰፋው የጥሎ ማለፍ ውድድር ደግሞ በኖትር ዳም 27 ለ17 ተሸነፈ። ተቺዎች የገጠመው መርሐ ግብር ቀላል ነበር አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ ቢግ ቴን ወደ 18 አድጎ የምሥራቅና የምዕራብ ክፍፍሉ ስለቀረ ኢንዲያና ከአሥር ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአራቱም ኃያላን ጋር በአንድ ዓመት ከመጋጠም ድኖ ነበር። እኔ እንደማየው ግን ይህ የሚያሳየው የ2024ቱን ቅለት ብቻ አይደለም፤ ያለፉትን አሥር ዓመታት ክብደትም ጭምር ነው።

የ2025ቱ ዘመን ለተቺዎች ቦታ አልተወም። ኢሊኖይን 63 ለ10 አሸነፉ። ኦሪገን ድረስ ሄደው 30 ለ20 ረቱ። ፔን ስቴት ሜዳ ላይ 24 ለ20 እየተመሩ ሜንዶዛ ቡድኑን ሜዳውን ሙሉ አሻግሮ 36 ሰከንድ ሲቀር ኳሱን ወረወረ፤ ኩፐር በአየር ላይ ተንሳፍፎ የአንድ እግሩን ጣቶች ብቻ መስመሩ ውስጥ አሳርፎ ያዘው። 27 ለ24። ያችን ኳስ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። ዲሴምበር 6 በኢንዲያናፖሊስ ከ1988 ወዲህ አሸንፈውት የማያውቁትን ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ10 ረትተው የቢግ ቴንን ዋንጫ አነሡ፤ ብቻቸውን የወሰዱት ከ1945 ወዲህ ገና መጀመሪያቸው ነው። ከሳምንት በኋላ ሜንዶዛ ሄይስማንን ተሸለመ፤ ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያው።

በጥሎ ማለፉ፣ በሮዝ ቦውል፣ አላባማን 38 ለ3 ደቆሱት፤ ከ1991 ወዲህ ያገኙት የመጀመሪያ የቦውል ድል ነው። የአላባማ አሰልጣኝ ያው ኬለን ዲቦር ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ኦሪገንን በድጋሚ ሲገጥሙ ፖንድስ የጨዋታውን የመጀመሪያ ውርወራ ነጥቆ ተችዳውን አደረገው፤ 56 ለ22 አለቀ። በፍጻሜው ሜንዶዛ ባደገበት ከተማ፣ ባደገበት ከተማ ቡድን ላይ፣ በአራተኛው ሙከራ ኳሱን ራሱ ይዞ 12 ያርድ እየተመታ ሮጦ ገባ። ማያሚ ለመቀልበስ ሲገሰግስ የመጨረሻዋን ኳስ የነጠቀው ከማያሚ የመጣው ጃማሪ ሻርፕ ነው።

ዕድል አልነበረበትም? ነበረበት። ኦሃዮ ስቴት በመጨረሻ ደቂቃዎች ከቅርብ ርቀት የመታው ኳስ ቢገባ፣ የኩፐር ጣት ትንሽ ብታፈነግጥ መዝገቡ 16 ድል ላይሆን ይችል ነበር። ግን አላባማን በ35፣ ኦሪገንን በ34 ነጥብ ልዩነት የሚያሸንፍ ቡድን የዕድል ውጤት ነው ማለት አይቻልም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ይህ ድል የተገዛ ነው የሚለው። የኢንዲያና ተመራቂ ብዙ ነው፣ ቢሊየነሩ ማርክ ኪዩበንም አንዱ ነው፣ ቡድኑንም በገንዘብ ደግፏል። ሲግኔቲም በኦክቶበር 2025 የስምንት ዓመት፣ በአማካይ በዓመት 11.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያስገኝ ውል ፈርሟል። ገንዘቡን አልክድም። ነገር ግን ከኢንዲያና የበለጠ የሚያወጡ ቤቶች አሉ፤ በዚያ ዓመት የዓለም ሁሉ ገንዘብ እያላቸው አሰልጣኝ ያባረሩም አሉ። ፔን ስቴት አንዱ ነው። ገንዘብ ወደ ገበያው ያስገባል፤ ማንን መውሰድ እንዳለብህ አይነግርህም።

ታናናሾቹ ተራቆቱ የሚለውም ቢሆን በራሱ በጄምስ ማዲሰን ይፈተን። 13 ተጫዋችና አሰልጣኙን ያጣው ዩኒቨርሲቲ በ2025 ራሱ ለዚያው የጥሎ ማለፍ ውድድር በቃ፤ በኦሪገን ተሸንፎ ተመለሰ። እዚህ ላይ ግን ፍርዴ ያመነታል። ጄምስ ማዲሰን እንደገና አሰልጣኙን ለዩሲኤልኤ አስረክቧል፤ ጥሩ አሰልጣኝ መርጦ ማሳደግ የሚችል ትንሽ ቤት ያሳደገውን ሁሉ በየሁለት ዓመቱ ቢነጠቅ እስከመቼ ይቆማል? ለተጫዋቹ የተገኘው ነፃነት ልክ ነው፤ ለሚያሳድገው ቤት ግን እስካሁን የታሰበ ካሳ የለም። ዓለም አቀፉ እግር ኳስ ወጣት ተጫዋች ያሳደገ ክለብ ልጁ ሲሸጥ ድርሻ እንዲያገኝ ደንግጓል፤ አሜሪካኖቹ ይህን ቢመለከቱት መልካም ነበር።

ይዘልቃል ወይ ለሚለው ብዙዎች ሌስተር ሲቲን ይጠቅሳሉ፤ በ2016 የእንግሊዝን ዋንጫ አንሥቶ በ2023 ከሊጉ የወረደውን። ልዩነት አለው። ሌስተር ሻምፒዮን ካደረጉት ተጫዋቾች አንዳንዶቹን በሽያጭ አጣ፤ በዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ግን ሻምፒዮኑም ተሸናፊውም ቡድኑን በየዓመቱ እንደ አዲስ መሥራቱ ግድ ነው። ሜንዶዛ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ አቅንቷል፤ በምትኩ ሌላ ልምድ ያለው ኳርተርባክ በዚያው የዝውውር በር ተወስዷል። ስለዚህ የሚፈተነው የአሰልጣኙ ዓይን ነው፤ ሌሎቹ ቤቶችም አሁን ያንኑ የሠራውን የመመዘን ዘዴ እየቀዱ ነው። ብልጫው ከተቀዳ በኋላ ምን ይተርፋል የሚለውን የ2026ና የ2027 ዘመናት ይመልሱታል።

የድሉ ብዛት ከሽንፈቱ ጋር እኩል ይሆን ዘንድ ኢንዲያና እንዲህ እያሸነፈ ብዙ ዓመታት መጫወት ይኖርበታል። በሽንፈት ብዛት ግን አንደኛ መሆኑ ቀርቷል፤ በ2025 ኖርዝዌስተርን 716ኛውን ተሸንፎ አልፎታል። ኖርዝዌስተርን በቺካጎ ዳርቻ የሚገኝ፣ በትምህርቱ የተከበረ፣ ከዚያው ማኅበር እኩል ገቢ የሚያገኝ፣ ያው የዝውውር በር የተከፈተለት ዩኒቨርሲቲ ነው።